በግራ የለመደ ፈረስ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ሰባተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ትምህርት ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ በእጄ የጻፍኩት ነገር ቢኖር ካርቶን ላይ «የተማሪ ቦርሳ ገብቷል» ብዬ በር ላይ የሰቀልኩት ነው፤ እሱንም ሁለት ጊዜ አበላሽቼ ነው ያስተካከልኩት። የምሠራበት ሱቅ ጎንደር አራዳ፣ ከቁልቁለቱ ዳር ነው። ደብተር፣ እስክሪብቶና ቦርሳ እንሸጣለን። ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ቦታ ከመጥበቡ የተነሳ ዞር ለማለት መጀመሪያ ወንበሩን ወደ ግድግዳ ማስጠጋት ያስፈልጋል፤ ዓይን አፋር ስለሆንኩ ባለሱቋ ጥበቱ ይስማማታል ብለው ሳያስቀምጡኝ አልቀሩም። ሽፋኑ ተቀዶ ለሽያጭ የማይሆን አንድ ደብተር ስለተረፈኝ ነው ይህን መጻፍ የጀመርኩት።

ያስጀመረኝ ግን ደብተሩ አይደለም። ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ በቀይ ፈረስ ተቀምጠው በሱቃችን ፊት ሲያልፉ መንገዱ በመኪና ተዘጋባቸው። ከፊታቸው አውቶቡስ፣ ከኋላቸው ባጃጅ፣ ከጎናቸው ሌላ ባጃጅ፤ ፈረሱ መሀል ላይ ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ ቆመ። የኋለኛው ባጃጅ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ «አባባ፣ ሲታጠፉ ፍሬቻ ያሳዩ እንጂ!» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌው ዞር ሳይሉ «ጅራቱ ምን እየሠራ መሰለህ?» አሉት፤ ያን ጊዜ ሹፌሩም ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። የፈረስ ላብ፣ የናፍጣ ጭስና ፀሐይ የመታው አስፋልት አንድ ላይ ሆኖ የሚሸተው ሽታ ባንኮኒውን ተሻግሮ መጣ። ሽማግሌው ቢወርዱ በየትኛው ጎን እንደሚወርዱ ለማየት አንገቴን አሰገግሁ። «አይውረዱ» ብዬ መጮህም አሰኝቶኝ ነበር። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ፣ ሽማግሌውም ሳይወርዱ አለፉ። እኔ ግን የያዝኩትን የደብተር እሽግ እንደታቀፍኩ ብዙ ቆየሁ።

ያደግኩት ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ከአምባ ጊዮርጊስ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ መንደር ነው። ብርድ አገር ነው፤ ገብስና ባቄላ ይበቅልበታል፣ ጉም ደግሞ ሳይዘሩት ይበቅልበታል። አባቴን አገሩ አያ ምህረቴ ይለዋል፤ እኔ አባዬ ነው የምለው። ሳልወለድ ከገደል ወድቆ ቀኝ ዳሌው ተሰብሮ ነበርና ያለ ምርኩዝ ከቤቱ እስከ አጥሩ እንኳ መድረስ ያቅተዋል። ፈረስ ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ሰው ነው። አስታራቂ ሽማግሌ ስለነበር የተጣላ ባልና ሚስት፣ ድንበር የተጋፋ ጎረቤት ሁሉ ይጠራዋል፤ እሱም ዳማ በሚባለው ቀይ ፈረሱ ተቀምጦ፣ ነጭ ኩታውን አጣፍቶ ሲመጣ ሲያዩት እግሩ የማይሠራ መሆኑን የሚያስታውስ አይኖርም ነበር።

የሰፈሩ ፈረሶች በቀኝ በኩል መውጣትና መውረድ የለመዱ ናቸው። አባዬ ግን ቀኝ እግሩ እርካብ ረግጦ ሊሸከመው ስለማይችል ዳማን ከውርንጭላነቱ ጀምሮ በግራ አስለመደው። በቀኝ በኩል ልውጣ ያለውን ሰው ዳማ ዞሮ ይነክሳል፤ በቀኝ ልውረድ ያለውንም እንደ እንዝርት ይሾርበታል። ልምዱን የማያውቅ እንግዳ ሰው ሲነከስ አባዬ ይቅርታ እየጠየቀ በልቡ ደስ ይለው ነበር፤ ፈረሱ የእሱ ብቻ መሆኑ የሚታወቀው በዚያ ነውና።

የመንደራችን ትምህርት ቤት ስድስተኛ ላይ ያልቃል። ሰባተኛ ያለው አምባ ጊዮርጊስ ነው። እኔ ስድስተኛን ሳልፍ እናቴ «እንግዲህ በቃሽ» አለች፤ ከክፋት አይደለም፣ በዚያ መንገድ ብቻዋን በማለዳ የምትሄድ ልጅ ትጠለፋለች ብላ ፈርታ ነው። አባዬ ሦስት ቀን ሲያወጣ ሲያወርድ ከረመና በአራተኛው ቀን ራት ላይ «በእግሯ አትሄድም፤ በዳማ ትሄዳለች» አለ።

እማዬ የያዘችውን ጎረሰችና ታነቀች። «ሴት ልጅ እግሯን ከፍታ ፈረስ ላይ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የሚለውን ቢል ከታች ሆኖ ነው። እሷ ከላይ ናት።»

«ቢጠልፏትስ?»

«ዳማን ሮጦ የደረሰበት ጠላፊ ካለ ይውሰዳት። እሱ ወንድ ነው» አለና ሳቀ፤ እማዬም ሳትወድ ሳቀች።

እንዲህ ሆኖ ከሰኞ እስከ ዓርብ ዳማ የእኔ፣ ቅዳሜና እሑድ የአባዬ ሆነ። ያኔ ልጅ ነበርኩና ፈረስ የተሰጠኝ ብቻ መሰለኝ። አባዬ አምስት ቀን እግሩን አውጥቶ እንደሰጠኝ፣ እሱ ፈረስ ስለሌለው ሰኞ ማለዳ በር ላይ ተቀምጦ ዓርብ ማታ ድረስ እንደማይንቀሳቀስ ያወቅኩት በኋላ ነው። ጠበኞች መጥተው «አያ ምህረቴ፣ ድንበሩን መጥተህ እይልን» ሲሉት «ድንበራችሁን ይዛችሁልኝ ኑ» እያለ ይቀልድ ነበር።

አስፋልቱ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። በፊት የነበረው ኮረኮንች መንገድ አቧራውን በሩቁ ስለሚያስነሳ መኪና መምጣቱን ቀድመን እናየው ነበር። አስፋልት የነጠፈ ቀን ግን የመንደሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ በእጁ ዳሰሰው፤ አንዲት ጎረቤታችን «እንዲህ ያለ አውድማ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም» ብላ በማግሥቱ ገብሷን አሰጣችበት፣ በሦስተኛው ቀን አንድ አውቶቡስ ሄደበትና ወቃላት። ሰው ቶሎ ለመደው። ያልለመደው ዳማ ነው። ኮቴው ይንሸራተታል፣ የኮቴው ድምፅ ራሱን ያስደነግጠዋል፤ ከሁሉ በላይ ግን ዳር ዳሩን የተቀባውን ነጭ መስመር የተዘረጋ ገመድ እየመሰለው ሊረግጠው እምቢ ይልና ዘሎ ይሻገረው ነበር። የመጀመሪያ ቀን ሲዘል ወድቄ ክርኔ ተላጠ። አባዬ ልጓሙን ይዞ መስመሩን በምርኩዙ እየነካ «ተመልከት፣ ቀለም ነው፣ ቀለም» እያለ ለፈረሱ ሲያስረዳ ሳየው ፈረሱ ሰባተኛ የሚገባ፣ እኔ አጃቢው የሆንኩ መሰለኝ።

ትምህርት ሲከፈት አንድ ሳምንት ሙሉ አባዬ ራሱ እያፈናጠጠ አደረሰኝ። የማኪናን ጠባይ (እሱ ማኪና ነው የሚለው) አንድ በአንድ አስተማረኝ። ከኋላ የሚመጣ የጭነት መኪና ለጆሮ ሳይሰማ ንዝረቱ በፈረሱ ጀርባ በኩል ወደ ጭንሽ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ልጓሙን ሰብሰብ አድርጊ፣ ግን አትጎትቺ። አጭር ክላክስ ሰላምታ ነው፣ ረጅም ክላክስ ስድብ ነው፤ ለሁለቱም አትመልሺ። እንዲህ እያለ ሲሄድ ሚካኤል ኩርባ ጋ ደረስን።

በእኛ አገር በፈረስ ወይም በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ይወርዳል። ልጓሙን ይዞ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ በእግሩ ያልፋል፤ ከዚያ ወዲያ ተመልሶ ይወጣል። ሳይወርድ የሚያልፍ ሰው የተናቀ ነው። የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከመንገዱ በላይ፣ ልክ ኩርባው ላይ ነው። አስፋልቱ ሲሠራ ኮረብታውን ስለቆረጡት ወደ ቤት ሲመለሱ በቀኝ በኩል ድንጋይ የተገነባ ቦይና ዓለት ብቻ ቀረ፤ የድሮው የእግር መንገድ ጠፋ። በግራ መኪናው አለ። መቆሚያ የለም። አባዬ እዚያ ሲደርስ ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከፈረሱ ሳይወርድ አለፈ። በዕድሜው የመጀመሪያው መሆን አለበት፤ ደረቱ ውስጥ ልቡ ሲመታ ከኋላው ሆኜ ይሰማኝ ነበር።

ኩርባውን ካለፍን በኋላ «ሚካኤል ልብ ያያል» አለኝ፤ «ማኪና ግን ልብ አያይም። እዚህ ቦታ ላይ ማንም ቢያይሽ እንዳትወርጂ።»

እሺ አልኩት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት በሕይወቴ ውስጥ ሰፊው ጊዜ ናቸው ማለት እችላለሁ፤ ሰፊ ያልኩት ከነጩ መስመር እስከ ቦዩ ያለችውን አንዲት ክንድ ቦታ መሆኑ ግን ያስቀኛል። አገሬ እሷ ነበረች። የፕላስቲክ ጫማዬን አውልቄ ከኮርቻው ላይ አንጠለጥልና እርካቡን በእግሬ አውራ ጣት ይዤ እሄዳለሁ። ጉሙ ገና ሳይነሣ የዳማ ትንፋሽና የኔ ትንፋሽ አንድ ላይ ይወጣል። አውቶቡስ ሲያልፍ በመስኮቱ የሚያዩኝ ሰዎች ፊት ከፊቴ እኩል ነው፤ መሬት ላይ ቆሜ ቢሆን ኖሮ ዓይኔን እሰብር ነበር፣ ከዳማ ላይ ሆኜ ግን አያቸው ነበር። መኪና ሲጠጋኝ ቦዩ በአንድ ጎን፣ ጎማው በሌላ ጎን፣ እኔ እንደ መጽሐፍ ቅጠል መሀል ላይ። ከዚያ ያልፋል፣ ነፋሱ ሻሼን ይጎትተዋል፣ ዳማ አንድ ጊዜ ያነጥሳል፣ መንገዱ ተመልሶ የእኛ ይሆናል።

ከተማ ውስጥ ፈረሱን የማሳድረው፣ ማለቴ የማውለው፣ በአባዬ ወዳጅ በእትዬ ዘይነባ ግቢ ነበር። እትዬ ዘይነባ የጎንደር ነጋዴ ልጅ ናቸው፤ አምባ ጊዮርጊስ ጨርቅ ይሸጣሉ። በየማለዳው በራቸውን ሲከፍቱልኝ «ነይ የፈረሰኞች አለቃ፤ ጦርሽን የት ጣልሽው?» ይሉኛል፤ እኔ እስቃለሁ፤ እሳቸውም ለዳማ ገለባ ያቀርባሉ። ክፍል ውስጥ እጄን አንድም ቀን አውጥቼ አላውቅም፤ ፈተና ላይ ግን ሦስተኛ ወጣሁ። አባዬ ካርዱን ማንበብ ስለማይችል ገልብጦ ይዞ ብዙ አየውና «ሸጋ ነው» አለ።

ሁዳዴ ሲገባ ወሬ መጣ። አያ ፈንታ የሚባል፣ ከአባዬ ጋር አብሮ የሚያስታርቅ ሽማግሌ፣ ገበያ ላይ «የምህረቴ ልጅ ሚካኤልን ጋልባ አለፈችው» ብሎ ተናገረ አሉ። ውኃ ስቀዳ ሴቶች ሲያወሩት ሰማሁ። አንዷ «ፈረስ ላይ የወጣች ሴት መች መውረድ ታውቃለች» አለች፤ ሌሎቹ ሳቁ። እንስራዬን ሳልሞላ ተመለስኩ። ለአባዬ ብነግረው «ከታች ሆነው ነው» እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ ግን አልነገርኩትም። ስድቡ ለኔ ቢሆን ዝም ባልኩ፤ የአባዬ ስም በዚያ መጠራቱ ግን አላስተኛኝ አለ።

በዚያው ሳምንት ከትምህርት ስመለስ፣ ስምንት ሰዓት አካባቢ፣ ኩርባው ላይ ደረስኩ። በጾም ቅዳሴ ዘግይቶ ነው የሚገባው፤ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ላይ፣ ከመንገዱ በላይ፣ ነጭ በነጭ ሆነው በሰልፍ ተቀምጠው ቅዳሴውን ይጠብቃሉ። አያ ፈንታ ከመሀላቸው ነው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አባዬ ያለኝን አልረሳሁትም፤ እያስታወስኩት ነው የወረድኩት። ዓይናቸው ከበደኝ። አንድ ጊዜ፣ ዛሬ ብቻ፣ ልጁን አሳድጓታል ይበሉት ብዬ ልጓሙን ያዝኩና ወረድኩ። ዳማ የለመደው በግራ ነው። በግራ ያለው አስፋልቱ ነው።

አንድ እግሬ መሬት ሲነካ፣ የሌላኛው አውራ ጣቴ ገና እርካቡ ውስጥ እያለ፣ የጭነት መኪና ከኩርባው ወጣ። ረጅም ክላክስ ነበር። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ሲይዝ ጎማው ያሰማውን ድምፅ ዛሬም ባጃጅ ቁልቁለቱ ላይ ሲያቆም እሰማዋለሁ። ዳማ ወደ ፊት ቢሮጥ ኖሮ ጎትቶኝ ጎማው ሥር ያስገባኝ ነበር። እሱ ግን እንደ እንዝርት ሾረ፤ እኔ ቦዩ ውስጥ ተወረወርኩ፣ የእሱ የኋላ እግሮች አስፋልቱ ላይ ተንሸራተው መኪናው ዳሌውን መታው።

ቀና ስል መኪናው ቆሟል፣ ሹፌሩ ወርዶ ሁለት እጁን ራሱ ላይ አድርጎ መንገዱ ላይ ቁጢጥ ብሏል፣ ያለቅሳል። ከእጄ መላጥ በቀር ምንም አልሆንኩም። ዳማ በፊት እግሩ ሊነሣ ይሞክራል፣ ኋላው አይከተለውም። ሽማግሌዎቹ ከላይ እየተንደረደሩ ወረዱ። መጀመሪያ የደረሰው አያ ፈንታ ነው። ኩታውን አውልቆ ጠቀለለኝና እንዲህ አለኝ፦

«ልጄ፣ እዚህ ላይ? ምነው ወረድሽ?»



አባዬን በቃሬዛ ተሸክመው አመጡት። ዳሌው የተሰበረ ሰው ዳሌው የተሰበረ ፈረስ አጠገብ ተቀመጠ። አንዱ ሽማግሌ ቀስ ብሎ «ልጅቱ ወደ መኪናው በኩል ወርዳ ነው» ሲለው፣ አባዬ የዳማን ግንባር እያሻሸ «በሌላ በኩል አያስወርድም» አለ። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል አልወጣውም። ጠመንጃ ያለው ሰው ተጠራ፤ እኔን ወደ ቤት ወሰዱኝ፤ መንገድ ላይ አንድ ድምፅ ሰማሁ።

ሌላ ፈረስ እስኪገኝ ቆዪ አሉኝ። መጀመሪያ እስከ ፋሲካ ነበር፣ ከዚያ እስከ መስከረም። መስከረም ሲመጣ ስለ ቆይታው መናገር ቀረ። የትምህርት ቦርሳዬና የዳማ ኮርቻ አንድ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ኖሩ፤ አቧራቸውን በአንድ ጨርቅ ነበር የምጠርገው። አባዬ እስከ አጥሩ፣ እኔም እሱን ትቼ ስለማልሄድ እስከ አጥሩ፤ አምስት ዓመት እንዲያ ሆንን። መኪና ሲያልፍ በድምፁ ብቻ እየለየ «ይሄ የጎንደሩ አውቶቡስ ነው፤ ዛሬ ዘግይቷል» ይለኛል፤ እኔ እውነት ነው እላለሁ። አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ኖሮ ይቅርታ እጠይቀው ነበር፤ ዝም ሲል ግን ሳልጠይቀው ቀረሁ፣ እሱም በበኩሉ ያልነገረኝ ነገር እንዳለ ይሰማኝ ነበር።

አሥራ ስምንት ሲሞላኝ እትዬ ዘይነባ ጎንደር ባለው የእህታቸው ሱቅ ሥራ አገኙልኝ፤ ይኸው እዚህ ሱቅ። መስከረም ሲጠባ ልጆች ከእናታቸው ጋር እየመጡ ቦርሳ ይመርጣሉ፤ ማንገቻውን ትከሻቸው ላይ የማስተካክልላቸው እኔ ነኝ። ስንት ነገር እንዳጣሁ ለማሰብ ስሞክር የሚመጣብኝ ትምህርቱ ብቻ አይደለም። ከፍታው ነው። ከዳማ ጀርባ ላይ ሆኜ የሰው አጥር ውስጥ ያለውን ሁሉ አያለሁ፣ ሰውን ፊት ለፊት አያለሁ፣ ዓይኔም አይሰበርም ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንንም ከላይ ሆኜ አይቼ አላውቅም፤ ባንኮኒውም ከፍ ያለ ነው።

አባዬ የሞተው እኔ ጎንደር በገባሁ በዓመቱ፣ በክረምት ነው። በመሀል ወደ ቤት አልተመለስኩም፤ ስደርስም ተቀብሮ ነበር። ስለዚህ በሕይወቱ የመጨረሻውን ነገር የነገረኝ በሄድኩበት ቀን፣ መንገዱ ዳር ነው ማለት ነው።

ያን ቀን እማዬ አጥሩ ጋ ስማ ተሰናበተችኝ፤ አባዬ ግን በምርኩዙ ተነሣ። ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለውን መንገድ ልጅ በአንድ ዘፈን ይጨርሰዋል፤ እሱ ግን ሁለት ጊዜ ተቀምጦ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ልደግፍህ ስለው እጄን እየገፋ ደረሰ። አምስት ዓመት አስፋልቱን አልረገጠም ነበር። ነጩን መስመር በምርኩዙ ነካ አደረገው። ሚኒባሱ መጥቶ ቆመ፤ ሰው ሞልቷል፤ ሹፌሩ ቶሎ በይ እያለ ክላክሱን ነካ ነካ ያደርጋል። እኔ ገብቼ በሩ አጠገብ፣ በሁለት ሴቶች መሀል ተጣበቅሁ። አባዬ በሩን እንዳይዘጋ በእጁ ያዘው። ሹፌሩ «አያ፣ እንሂድ እንጂ!» አለ። አባዬ አልለቀቀም። ያን ሁሉ ዓመት ያልተናገረውን ሊናገር ነው ብዬ ጆሮዬን ወደ እሱ አስጠጋሁ። ሚኒባሱን ከፊት እስከ ኋላ፣ በሩም በመንገዱ ዳር በኩል የሚከፈት መሆኑን ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ከዚያ ጉልበቴን አንድ ጊዜ መታ አድርጎ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ ቀስ ብሎ እንዲህ አለኝ፦

«በግራ ያስለመድኩት እኔ ነኝ ልጄ። አንቺ በቀኝ ውረጂ።»